አንድ ቀን ተኩል ለአንኮበር፦ ስለ ደብረ ብርሃኑ የቅዳሜና እሁድ መኪና

ከመጥፎው ልጀምር። የተከራየነው መኪና ስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማው፣ ራሰ በራ ነበር። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም፤ እጅ ሲያልፍበት እንደ ሳህን ያንሸራትታል። ይህን ያወቅነው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወጥተን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ነፋሱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሜዳ መሃል፣ የኋላ ግራ ጎማ ሲተነፍስ ነው።

እንዲህም ሆኖ በወሩ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ሹፌር ይዤ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እህቴ «ጤነኛ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ። አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ለምን እንዲህ ዓይነት መኪና እንዳስፈለገን አይገባችሁም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከውጭ አገር ለሚልካቸው የበጎ ፈቃድ ሚሲዮናውያን አስተረጉማለሁ። ደሞዝ የላቸውም። የአውሮፕላኑን፣ የቤት ኪራዩን፣ የምግቡን የሚከፍሉት ወይ ከኪሳቸው ነው ወይ ምዕመናኖቻቸው ካዋጡላቸው። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ይቆያሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት ለሴቶች የልብስ ስፌት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ይሰበሰባሉ፣ መዝሙርና ጨዋታ ነው። እሁድ አምልኮ። ቁጭ ብላችሁ ስትቆጥሩት የራሳቸው ጊዜ የሚባለው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ በወር አንዴ ኃላፊያቸው ከእሁዱ ፕሮግራም ሲፈቅድላቸው አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። አገር የሚያዩት በዚያች አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ነው።

እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን እናቴ «ጴንጤ ሆነሽ ልትቀሪ ነው» ብላ ጸበል ለጸበል ስታንከራትተኝ ከረመች። አሁን ለምዳለች። እንዲያውም እንግዶቹ ሁለት ሳምንት ከጠፉ «ምነው ልጆቹ፣ ታመሙ እንዴ?» የምትለው እሷ ናት፤ ከመካከላቸው ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ እያሉ እንኳን ሁሉንም ልጆቹ ነው የምትላቸው።

የዘንድሮዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ጡረታ የወጡ ኬንያዊት የታሪክ መምህርት። ሹፌራችን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «ማዘር» ስላላቸው እኔም ማዘር እላቸዋለሁ። ሁለተኛው ኮሪያዊ ልጅ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ዕረፍት ወስዶ የመጣ። ሽርሽር የሚለውን ነገር መጀመሪያ ሳነሳ ልጁ ፊቱ ቅጭም አለ። «ለመዝናናት አይደለም የመጣነው፣ ቤተ ክርስቲያኔ ያሉ አሮጊቶች ናቸው ለቲኬቴ ያዋጡት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ሰው አዋጥቶ ልኮህ አንተ ጭላዳ ፎቶ ስታነሳ መታየት ይከብዳል። ማዘር ግን ቆፍጠን ያሉ ናቸው። «ተማሪዎቼ አንኮበር አንኮበር ይላሉ፣ እኔ የት እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ክፍል ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ መሆን አልፈልግም» አሉ። ነገሩ አለቀ።

አማራጩን ሁሉ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ካሉ አስጎብኚዎች ያነጋገርኳቸው ሁሉ ሙሉ ሁለት ቀን ይፈልጋሉ፣ ዋጋው በዶላር ነው፣ መኪናው ደግሞ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ባዶውን የሚመጣበት ይጨመራል። ሚኒባስ አለ፤ አንኮበር አጠገብ ያለችው ጎረቤላ ድረስ ይወስዳል። ግን የሚነሳው ሲሞላ ነው፣ እሁድ ከሰዓት መመለሻ ማግኘት ደግሞ የዕድል ጉዳይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ 40 ተማሪ ለሚጠብቀው ሰው ዕድል አይሆንም።

በመጨረሻ አንድ ዘመዴ የነገረችኝን ሰዎች አገኘሁ። ጥቂት ባለመኪኖች ተጣምረው የጀመሩት የኪራይ ሥራ ነው። ቢሮ የላቸውም፣ አንድ ስልክና አንድ የቴሌግራም ገጽ ነው ያላቸው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ፣ ማደርን ጨምሮ፣ ነዳጅና ሹፌር በእነሱ፣ 13 ሺህ ብር ተስማማን። አስጎብኚ ከፈለግን ለብቻው 2 ሺህ። አስጎብኚውን ጨምሪ ብዬ ጨመርኩ። አሁን ቢሆን አልጨምርም፣ እመጣበታለሁ።

ዋናው ነገር ሰዓቱን ተቀበሉኝ። «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ካልተነሳን» ብለው አልደረቁም። «ልጆቹን ሸኝታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ በሰባት ሰዓት በር ላይ ነን» አሉ። እኔም ለሁለቱ በእንግሊዝኛ «ሰባት ሰዓት» አልኩ። በቃ አስተርጓሚ ሆኜ እዚህ ላይ ተሸወድኩ። ኮሪያዊው ልጅ በፈረንጅ ሰባት ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሻንጣውን አዝሎ፣ ሹራቡን እስከ አፍንጫው ስቦ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ማዘር በመስኮት አይተውት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እሳቸው ገና ስናገር ነው የገባቸው። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው ለካ፤ ከቀኑ ሰባትን «ሳ ሳባ» ይላሉ። ሰባት፣ ሳባ። ቃሉ ራሱ ይቀራረባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጠሮ ሲሆን ልጁ የሚጠይቀው እኔን አይደለም፣ ማዘርን ነው።

መኪናዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። አሮጌ ናት ግን ሞተሯ ጤነኛ ነው። የኋላው የቀኝ መስኮት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቀራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ወደ አንኮበር ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ቦታ ታልፋላችሁ፤ ሁለት ጣት ቀልድ አይደለም። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። የኋላው መሃል ወንበር ቀበቶም አይሠራም። ነገርኳቸው፣ «ይሠራል» አሉኝ፣ በወሩም አልተሠራም።

ሹፌሩን ግን ምን ብዬ ልግለጻቸው። ጋሼ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው፣ ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ስልክ እየነዱ አያነሱም። ከመነሳታችን በፊት መኪናውን ጥግ አስይዘው ሦስት ሰው ጋ ደወሉ። አንዱ ጎረቤላ ያለ፣ አንዱ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው፣ ሦስተኛው ጠዋት ከዚያ የመጣ ሹፌር። «መንገዱ እንዴት ነው? ሰላም ነው? ማን አለፈ?» አሁን ባለንበት ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን ሳይጠይቅ መሪ የሚጨብጥ ሹፌር መቅጠር የለም። ካልሆነ «ዛሬ ይቅር» የሚል ሰው ነው የሚፈለገው። ነዳጁንም ዓርብ ሌሊት ተሰልፈው ሞልተዋል፣ ቅዳሜ ሰልፍ ላይ አላቆሙንም። ለአንድ ቀን ተኩል ጉዞ ሁለት ሰዓት ሰልፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጎማው። ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ ፍስስ አለ። ጋሼ ወረዱ፣ ክሪኩን አወጡ፣ ስኮርታውን አወረዱ። እኔ አየሁት። እሳቸውም እንዳየሁት አዩ። «አትይው» አሉኝ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ብሎን መፍታት ጀመረ። በደቂቃ ውስጥ እረኞች ከየት እንደመጡ ሳናውቅ ከበቡን፣ በርኖስ የደረበ አንድ ትንሽ ልጅ በዱላው ጎማውን እየነካካ «ቻይና! ቻይና!» ይላል። ኮሪያዊያችን ለምዶታል፣ ሳይቆጣ «ኮሪያ» አለ። ከኋላ በቅሎ ይዘው የቆሙ አንድ አባት «ኮሪያ?» አሉ። «ኮሪያ» አልኩ። «የአባቴ ወንድም ኮሪያ ዘምቷል። ቃኘው» አሉና ቀረብ ብለው የልጁን ቅባት የነካው እጅ ይዘው ሳሙት። ልጁ የቃኘው ሻለቃን ያውቃል፣ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ በፈረንጅ 1951 ከኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር። ግን በመጽሐፍ መማርና በነፋስ መሃል ጎማ እየፈታህ እጅህን መሳም አንድ አይደለም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሼ ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ እኛ ገና ሻይ የቀረበልን ይመስል ቆመን እናወራ ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ ታዲያ በራሰ በራ ጎማ ነው የጨረስነው፣ በቀስታ።

መኪና ውስጥ ለወሬ ያህል አንድ ነገር ጣልኩ። «አንኮበር ሚሲዮናዊ ሲያይ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም፤ በፈረንጅ 1839 ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ መጥቶ ነበር» አልኩ። ማዘር ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «የትኛው ክራፍ?» «ዮሃን ሉድቪግ ክራፍ።» «የራባዩ ክራፍ?!»

ለካ ክራፍ እነሱ ጋ የታወቀ ሰው ነው። ከሞምባሳ አጠገብ ራባይ ላይ ሚሲዮን የከፈተ፣ በፈረንጅ 1849 የኬንያን ተራራ በዓይኑ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነው እየተባለ በትምህርት ቤት ይነገራል። ማዘር ይህን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከዚያ በፊት ግን የት እንደነበረ ልባቸው አላለውም። እኔ ደግሞ የማውቀው የዚህን በኩል ብቻ ነው፦ ወደ ሦስት ዓመት ሸዋ ውስጥ በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን ተቀመጠ፣ የኦሮሞ ቋንቋ አጠና፣ የማቴዎስን ወንጌል በኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ፣ በፈረንጅ 1842 ባልደረቦቹን ለመቀበል ሲወጣ ወሎ ላይ ያለውን ሁሉ ተዘረፈ፣ ከዚያ ወደ ሸዋ መመለስ ተከለከለ። ባልደረቦቹም አልተፈቀደላቸውም። ሁለታችን ግማሽ ግማሽ ታሪክ ይዘን አንድ ጋቢና ውስጥ ተገናኘን። ማዘር ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ስለዚህ የእናንተ ንጉሥ በሩን ባይዘጋበት እኛ ጋ አይመጣም ነበር» አሉ። ውሸት የለውም፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሄደው ከደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር እገባለሁ ብሎ ነበር። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ መሪያቸውን ይዘው «ሳህለ ሥላሴ ሞኝ አልነበረም፤ መድኃኒትና ጠመንጃ ነው የፈለገው፣ ስብከት ሞልቶት ነበር» አሉ። ይህን ደግሞ ለማዘር ተረጎምኩ። ሳቁ።

አንኮበር ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷታል። አስጎብኚው ልጅ ጎረቤላ ጠበቀን። ልጁ ደግ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን የማያውቀው ነገር የለም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ከድሮው ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። አሁን ኮረብታው አናት ላይ የምታዩት ሎጅ በኋላ የተሠራ ነው። እሱ ግን ድንጋይ በድንጋይ «ይሄ የምኒልክ መኝታ ቤት፣ ይሄ የጣይቱ ወጥ ቤት» እያለ ሄደ። ማዘር በዚህ መሃል አስቆሙት። «ክራፍ የኖረው የት ነው?» ተረጎምኩ። ስሙን ሰምቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። አንድ አፍታ እንኳን አላመነታም። ጣቱን ወደ አንድ ቁጥቋጦ ቀስሮ «እዚያ ጋ» አለ። «ጎጆው እዚያ ነበረ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ ነበር።» አስተርጓሚ ነኝና ውሸቱንም ተረጎምኩ። ማዘር ቁጥቋጦውን ስምንት ፎቶ አነሱት። እኔ ሌሊቱን በሙሉ አላስተኛኝም፣ ጠዋት ሻይ ላይ ተናዘዝኩ፦ «ልጁ የሚያውቅ አልመሰለኝም።» «እኔም አልመሰለኝም፤ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ያላጠና ተማሪ አውቃለሁ» አሉ። ፎቶዎቹን ግን አላጠፏቸውም።

ስለዚህ ምክሬ፦ 2 ሺውን ብር አትክፈሉ። ጋሼ የሚያውቁትን ያህል ነግረዋችሁ የማያውቁትን «አላውቅም» ይላሉ። አንኮበር በምኒልክ ዘመንም መናገሻ እንደነበረች፣ ኋላ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ከተማዋ እንደቀዘቀዘች ነገሩን። ከታች በስተምሥራቅ አልዩ አምባ እንዳለች፣ ከታጁራ በኩል ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ እንደነበር ነገሩን። ጎንቾ የሚባለውን፣ የነጋሢው ዘር የሆኑ መሳፍንት የሚታሰሩበት የነበረውን አቅጣጫ አሳዩን። «የት ጋ እንደሆነ በትክክል?» ስላቸው «እሱን የአገሩን ሰው ጠይቂ» አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ነው የምወደው።

የምትወጡት ደረጃና ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቀስ በሉ። አናቱ ላይ ስትቆሙ ምሥራቁ በሙሉ ወደ አፋር ቆላ ተደርምሶ ይታያል። ማዘር ጋቢ ተከናንበው ረጅም ሰዓት ቆሙ። «ይህ ሸለቆ እኛ ሰፈር ነው የሚያልፈው» አሉ። እውነትም ስምጥ ሸለቆው ያው አንድ ነው፣ ከዚህ ወርዶ ወርዶ እነሱ ጋ ይደርሳል።

ማደሪያችን ሎጁ አልነበረም፣ ለበጎ ፈቃደኛ ኪስ ይከብዳል። ሰዎቹ የያዙልን ሌላ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። በስልክ «ሙቅ ውሃ አለ» ተብሏል። አለ። በጆግ ነው የሚመጣው፣ በእንጨት እሳት የፈላ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ቧንቧው ደርቋል። አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ብርድ ልብሱ ሁለት ድርብ፣ ከባድ፤ ስትገቡበት የሆነ ሰው የተኛባችሁ ነው የሚመስለው። ራት ሽሮ ነው። ሌላ ነገር አትጠይቁ፣ ሽሮዋ ደግሞ ሌላ አያስጠይቅም። ባለቤቷ ገብስ ቆልታ በሰፌድ አመጣችልን፣ ማዘር በሰባ ዓመት ጥርሳቸው እስከ አራት ሰዓት ሲቆረጥሙ አመሹ።

እሁድ ጠዋት ትንሽ ተጨንቄ ነበር። እነሱ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን እዚያ የለም፤ ኃላፊያቸው ፈቅዷል፣ ቢሆንም እሁድ እሁድ ነው። ኮሪያዊው ልጅ ክፍሉ ውስጥ መጽሐፉን ይዞ ቀረ። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ለቅዳሴ ስወጣ ማዘር ተነስተው ጠበቁኝ፣ «ውጭ እቆማለሁ» አሉ። ነጠላዬን ሰጠኋቸው፣ እኔ ጋቢ አጣፋሁ። ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ጫማቸውን አውልቀው ሁለት ሰዓት ቆሙ፣ ያውም በዚያ ብርድ። ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀል እያሳለሙ መጡና «ይቺ ከየት ናት?» አሉኝ። «ከኬንያ ናቸው፣ አባ።» «ልታስተምረን ነው የመጣችው?» አሉ ሳቅ እያሉ። ምን ልበል? «እንግሊዝኛ» አልኩ። «እንግሊዝኛ ደግ ነው» አሉና አለፉ። ማዘር ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፣ ቃል በቃል ነገርኳቸው። በጣም ወደዱት፣ አሁን ራሳቸው በአማርኛ ይሉታል፦ «ኢንግሊዚኛ ደግ ናው»።

ስትመለሱ ጭላዳዎቹን ለማየት ጋሼ ጥግ ላይ ያቆማሉ፣ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ደረታቸው ላይ ቀይ ያላቸው ናቸው፣ ሣር ሲነጩ ነው የሚውሉት፣ ብዙም አይፈሩም። ሞተር አጥፍተው 20 ደቂቃ ሰጡን፣ አንድም ጊዜ ሰዓታቸውን አላዩም። ልጁ እዚያ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና ሲል ያየሁት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባን። ማዘር የሰኞ ትምህርታቸውን አዘጋጁ፣ ልጁ ካልሲውን አጠበ፣ ሁለቱም በሁለት ሰዓት ተኙ። በሌላ ጊዜ ሙሉ ሁለት ቀን የፈጀ ጉዞ ሄደው የተመለሱ እንግዶች ነበሩኝ፤ ሰኞን እንደ በሽተኛ ነው ያሳለፉት። የዚህ መኪና ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሰኞን አይነካም።

ሰኞ ማዘር ክፍል ገብተው «አንኮበርን ያያችሁ እጅ አውጡ» አሉ። ከአርባው ሰባት ልጅ አወጣ። እኔም አንዴ ነው ያየሁት፣ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ በአይሱዙ ተጭነን። አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

ሁለተኛው ጉዞ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር፣ ወደ ጣርማ በር። ይህን በአጭሩ ልንገራችሁ ምክንያቱም ጉሙ ግማሹን ወስዶብናል። የምኒልክ መስኮት የሚባለው ቦታ ደርሰን መስኮቱ ተዘግቷል፤ ነጭ ብቻ። ጣልያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ዋሻ ውስጥ አለፍን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጋሼ መብራት አብርተው በቀስታ ነው የሚነዱት። ደብረ ሲና ወርደን ሹራብ አወለቅን፣ ቆሎ ገዛን፣ ሙዝ በላን፣ ተመለስን። ስድስት ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው፣ ዋጋው 5 ሺህ። ጉም ስለነበረ ጋሼ ጠዋት ደውለው «ዛሬ አይታይም፣ ብራችሁን አታጥፉ» ብለውኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ከመነሳታችን በፊት ግን ስኮርታውን አስወርጄ አየሁት። ያው ራሰ በራ። ጋሼ አፍረው ከጓደኛቸው አንድ ተዋሱ።

እሁድ አምልኮ ቀርቶ መሄድ ለማትችሉ ደግሞ አንጎለላ አለ። ከጫጫ ብዙ አይርቅም፣ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው፣ ክርስትና የተነሱትም አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት። ትልቅ ሕንፃ እናያለን ብላችሁ አትሂዱ። ሜዳና ነፋስ ነው፣ እኔ ግን ወደድኩት። ወጣ ማለት ጭራሽ ካልቻላችሁ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ። ከተማዋን የቆረቆሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አዩና ስሟን ደብረ ብርሃን አሏት፤ የታሪክ ሰዎች በፈረንጅ 1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ለዚህ መኪና አያስፈልግም፣ ባጃጅ ይበቃል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለሹፌሩ አምስት ከአምስት፣ ለመኪናዋ ሁለት ተኩል፣ ለአስጎብኚው ምንም፣ ለማደሪያው እንደ ብርድ ችሎታችሁ። በጥቅሉ ሦስት ተኩል አካባቢ። ቤተሰብ ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ፣ ያ ቀበቶ ካልተሠራ አልመክርም። እንደ እንግዶቼ ሰኞ ሥራ ያለባችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የማትችሉ ሰዎች ግን ሌላ የሚሆናችሁ ነገር አላገኘሁም።

አንድ ጣጣ ቀረ፦ ደረሰኝ የላቸውም። የማዘርና የልጁ ገንዘብ የመዋጮ ስለሆነ እያንዳንዱ ብር ወረቀት ይፈልጋል። ጋሼ ከደብተር አንድ ቅጠል ቀድደው በጥሩ ቁም ጽሕፈት «ለአንኮበር ጉዞ 13,000 ብር ተቀብያለሁ» ብለው ፈረሙ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተርጉሜ እኔም ፈረምኩ። ኮሪያ ያለው ሒሳብ ያዥ ወረቀቱን አይቶ ማኅተሙ የት አለ ብሎ ጻፈ። እስካሁን አልተፈታም፣ ደረሰኝ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው፣ ከጀርባቸው እንዳይመስል። «የስኮርታውንም?» አሉ። «የስኮርታውንም» አልኩ። ዝም አሉ። ማታ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። አዲስ ጎማ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠለት፣ ደጃፋቸው ላይ የተጋደመ። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦

«ጥርሱን ቁጠሪው።»